የታመመችን ላም ስለ ማስታመም

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚያውቁ የአገር ሽማግሎች የተጻፈ ትምህርት

መግቢያ

ላም ለባላገር ቤት ምን እንደ ሆነች ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ወተቷ የሕፃናት ምግብ ነው፤ ቅቤዋ ለወጥም ለገበያም ይሆናል፤ እበቷ ሲደርቅ ኩበት ሆኖ ምጣድ ያሰማል፤ ሲበሰብስም ለጓሮ አትክልት ፍግ ይሆናል፤ ወንድ ጥጃዋ ነገ ቀንበር የሚሸከም በሬ ነው። ልጆች ሁሉ የሚያውቁት የላሜ ቦራ ተረት እናት ለሌላቸው ልጆች እናት ስለ ሆነችው ላም መናገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አንዲት ላም ብቻ ያለችው ሰው ላሙ ስትታመምበት የታመመው ቤቱ ነው ቢባል ስሕተት የለበትም።

ላም በታመመች ጊዜ በየመንደሩ ሁለት ዐይነት ስሕተት ሲሠራ ይታያል። አንደኛው ፈጥኖ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ላሚቱ አንድ ቀን ሣር ስላልበላች «ሳትሞት እንረዳት» ተብሎ ቢላዋ ይሳላል። ሁለተኛው የመድኃኒት ብዛት ነው፤ አንዱ ብረት አግሎ ይተኩሳል፥ አንዱ ደም ያፈሳል፥ አንዱም የማይታወቅ ቅጠል ጨምቆ በአፍንጫዋ ያፈስሳል፤ ላሚቱም ከበሽታው ይልቅ በመድኃኒቱ ትደክማለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ማስታመም ነው። ማስታመም ማለት ዕረፍት፥ ንጹሕ ማደሪያ፥ ውሃና ተስማሚ ምግብ መስጠት፥ የበሽታውንም አካሄድ ጧትና ማታ መመልከት፥ ሐኪም የሚያስፈልገውንም በጊዜው ለሐኪም ማሳየት ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህን መንገድ ማሳየት ነው።

የአንድ ከብት በሽታ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ታሪካችን ይመሰክራል። አባቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ከ1880 እስከ 1884 ዓ. ም. የነበረው የረኀብ ዘመን ዋና መነሻው የከብት በሽታ ነበር። ደስታ የተባለው በሽታ በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች ገብቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ እንደ ተገመተውም ከ10 ከብት 9 ያህሉን ፈጀ። በሬ ስለ ጠፋ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ታከለበት፤ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እስከ መሆን ደረሱ። ይህ በሽታ ከብዙ ዘመን የክትባት ሥራ በኋላ በ2003 ዓ. ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛ በሽታ ይህ ነው። እንግዲህ የከብት በሽታ ዕድል ብቻ አይደለም፤ በዕውቀትና በኅብረት የሚመለስ ጠላት ነው።

1ኛ፤ የጤነኛ ላም ምልክት

ጤናን የማያውቅ ሕመምን ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ባለቤቱ ላሙን በደኅናው ቀን አጥብቆ መመልከት ይገባዋል።

ጤነኛ ላም ዐይኗ የጠራ፥ ጆሮዋ የሚንቀሳቀስ፥ አፍንጫዋ እርጥብ፥ ጠጕሯም የተኛ ነው። ከመንጋው አትለይም። ከበላች በኋላ ጋደም ብላ ታመሰኳለች፤ ይህም ማመስኳት በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ይሆናል። ማመስኳት ያቆመች ላም፥ ሌላ ምልክት ባይታይባት እንኳ፥ ታማለች ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ሆዷ መሥራቱን ለማወቅ በግራ ጎኗ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት በስተኋላ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጡጫን ጫን አድርጎ መያዝ ነው። ጨጓራዋ እንደ ማዕበል እጅን ገፍቶ ሲመለስ ይሰማል፤ በ2 ደቂቃ ውስጥ 2 ወይም 3 ጊዜ ከሆነ ደኅና ነው። እጁን ለ5 ደቂቃ አቆይቶ ምንም ያልተሰማው ሰው ላሙ በጽኑ እንደ ታመመች ይወቅ።

የሙቀት መለኪያ የሚገኝ እንደ ሆነ ጫፉን በቅባት አርሶ በፊንጢጣዋ ማስገባትና 2 ደቂቃ ማቆየት ነው፤ እንዳይጠፋም በክር ታስሮ ክሩ በእጅ ይያዛል። የደኅና ላም ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል ነው፤ ከዚህ ከበለጠ ትኩሳት አለባት፤ ከ38 በታች ወርዶ ጆሮዋም ከቀዘቀዘ ደግሞ ኀይሏ እየደከመ ነውና ከትኩሳት ያላነሰ ያሠጋል። ሆኖም በጠራራ ፀሓይ የቆመች ወይም ከሩቅ የተነዳች ላም ሳትታመም ትግላለችና በጥላ ካረፈች በኋላ መለካት ይሻላል።

2ኛ፤ ሕመም እንደ ታየ በመጀመሪያው ሰዓት የሚደረገው

መጀመሪያ፤ የታመመችውን ላም ከሌሎች ከብቶች ለይቶ ማኖር ነው። የምትጠጣበት ገንዳና የምትበላበት ዕቃ ለብቻው ይሁን። የሚያስታምማት ሰው አስቀድሞ ጤነኞቹን፥ በኋላ በሽተኛዋን ይጠብቅ፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ሁለተኛ፤ እረኛውን ረጋ ብሎ መጠየቅ ነው። ትናንት የት ዋለች? ምን በላች? ውሃ ጠጣች? እበት ጣለች? ሸናች? እበቷስ ደረቅ ነው ወይስ ቀጭን፥ ደምስ አለበት? ከወለደች ስንት ቀን ሆነ? በመንደሩ ሌላ የታመመ ከብት አለ? እረኛው ልጅ ነውና ቢቈጡት ይደብቃል፤ በጨዋ ቃል ቢጠይቁት ግን ሐኪሙ የማያገኘውን ነገር ይናገራል።

ሦስተኛ፤ ሳይዘገይ ለሐኪም የሚነገረውን መለየት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ምልክቶች ለነገ አይተዉም፤

ሀ/ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ትንፋሽ ሲያጥራት፤
ለ/ በወለደች በጥቂት ቀን ውስጥ ወድቃ መነሣት ሲሳናት፥ ጆሮዋ ቀዝቅዞ አንገቷንም ወደ ጎኗ ስታጥፍ፤ ይህ ብዙ ወተት በሚሰጡ በተዳቀሉ ላሞች ይበዛል፥ የካልሲየም መርፌም ካላገኘች ማስታመም ብቻውን አያድናትም፤
ሐ/ የእንግዴ ልጅዋ እስከ 24 ሰዓት ሳይወርድ ሲቀር፤ ይህን በእጅ መጐተት ወይም ድንጋይ አንጠልጥሎ እንዲወርድ ማድረግ ማሕፀኗን ያቈስላል፤
መ/ ከአፍንጫዋ ወይም ከፊንጢጣዋ ደም ሲወጣ፤
ሠ/ ልጋግ እያዝረበረበች መዋጥ ሲሳናት፥ ድምፅዋ ሲለወጥ ወይም ጠባይዋ ሲከፋ።

ይህ የመጨረሻው ምልክት የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው «አጥንት ወይም እሾህ ወግቷት ይሆናል» ብሎ እጁን በአፏ ውስጥ ያስገባል፤ ይህም ነፍስን የሚያሳጣ ድፍረት ነው። መዋጥ ያቃታትን ላም አፍ ሐኪም ሳያያት ማንም አይንካ። ልጋጓ የነካው ሰው ካለ ቦታውን ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

3ኛ፤ የማስታመም ሥራ

ማደሪያ፤ በሽተኛ ላም ነፋስ የማይመታት፥ ፀሓይ የማይመታት፥ ጭቃ የሌለበት ማደሪያ ያስፈልጋታል። ከበታቿ ደረቅ ጭድ ወይም ገለባ ወፍራም ሆኖ ይነጠፍ፤ የረጠበው በየቀኑ ይውጣ።

ውሃ፤ ከምግብ በፊት ውሃ ይቀድማል። የአገራችን ላም በደኅናው ቀን 30 ሊትር ያህል ውሃ ትጠጣለች፤ የምትታለብ እንደ ሆነች ወይም ሙቀት ሲበዛ ከዚህ ይበልጣል። የታመመች ላም ግን ወደ ወንዝ መሄድ ስለማይቻላት ውሃው ወደ እርሷ መሄድ አለበት። ንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት ጨው ተጨምሮበት በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ይቅረብላት።

ምግብ፤ ለስላሳ እርጥብ ሣር ከሁሉ ይበልጣል፤ እርሱ ባይገኝ ጥሩ ድርቆሽ በውሃ ረጨት ተደርጎ ይሰጣል። ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማቅረብ፥ ያልበላችውንም ማንሣት ነው፤ ሲያድር የሸተተ መኖ ፍላጎቷን ይዘጋል። እዚህ ላይ ከርኅራኄ የሚመጣ አንድ ስሕተት አለ፤ «ትበርታ» ብለው ብዙ እህል ወይም ዱቄት ይሰጧታል። ላም የምትፈጨው በጨጓራዋ ውስጥ ባሉ በዐይን በማይታዩ ሕያዋን እርዳታ ነው፤ እህል በድንገት ሲበዛ ጨጓራዋ ይኮመጥጣል፥ ላሚቱም ከፊተኛው የባሰ ትታመማለች። ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ መስጠት የሚገባው ማመስኳት ከጀመረች በኋላ ነው፤ እርሱም ከእፍኝ ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ነው።

መድኃኒት ስለ ማጠጣት፤ ብዙ ላም የምትሞተው መድኃኒቱ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን መድኃኒቱ ወደ ሳንባዋ ስለ ገባ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር በአፍንጫ አይፍሰስ። በአፍ ሲሰጥም ራሷ ከጀርባዋ ትክክል በላይ ከፍ አይበል፤ ምላሷም አይያዝ፤ በጥርስና በጉንጭ መካከል ጥቂት አፍስሶ እስክትውጥ መቆየት፥ ካሳለች ወዲያው መተው ነው። የመስታወት ጠርሙስ ሊሰበር ስለሚችል የፕላስቲክ ይሻላል። ወድቃ አንገቷን መያዝ ያቃታትን ላም ምንም ማጠጣት አይገባም።

ስለ ወደቀች ላም፤ ላም ከባድ ስለ ሆነች በአንድ ጎን ብዙ ሰዓት ከተኛች ክብደቷ የበታቹን እግር ሥጋና ጅማት ያደነዝዘዋል፤ በሽታው ቢለቃት እንኳ እግሯ አይታዘዝላትም። ስለዚህ በደረቷ እንድትተኛ ከግራና ከቀኝ በጭድ የተሞላ ከረጢት መደገፍ፥ በየ3 ሰዓቱም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዛወር ያስፈልጋል። በጎኗ ተዘርግታ አትቆይ፤ ሆዷ ይነፋልና። በዱላ መምታትና ጅራቷን መጠምዘዝ አያስነሣትም፤ የቀረላትን ኀይል ይጨርሳል እንጂ።

ስለ ሆድ መነፋት፤ ክረምት ሲወጣ ማገጥ የበዛበት እርጥብ መስክ ላይ የተለቀቀች የራበች ላም ሆዷ ሊነፋ ይችላል። መኖውን ከልክሎ፥ የፊት እግሯ ከፍ ባለ ቦታ እንዲሆን አቁሞ፥ እንድታላምጥ እንጨት እንደ ልጓም በአፏ አግድም ማሰር ይረዳል፤ ግማሽ ሊትር ያህል የምግብ ዘይት ከላይ በተነገረው ጥንቃቄ ማጠጣትም አረፋውን ይሰብራል። በቢላዋ መውጋት ግን ቦታውን ለማያውቅ ሰው የተፈቀደ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከል ነው፤ ወደ እንዲህ ያለ መስክ ከመውጣቷ በፊት ጭድ ወይም ድርቆሽ ትብላ፥ ጤዛውም ይርገፍ።

4ኛ፤ ምሳሌ፤ የአንዲት መበለት ላም

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን እንዲህ ያለ ነገር እናስብ። በአንድ የደጋ መንደር ሦስት ልጆች ያሏት መበለት አንዲት ዳለቻ ላም አለቻት። ላሚቱ በወለደች በ10ኛው ቀን ማታ ስትታለብ ረገጠች። እናቲቱ ብትዳስሳት ከአራቱ ጡት የግራው የኋላ ጡት ጠንክሯል፥ ግሏል፤ ወተቱም እንደ ተበጣጠሰ እርጎ ሆኖ ወጣ። ሌሊቱን ላሚቱ አላመሰኳችም፤ ተንቀጠቀጠች። ሲነጋ ጐረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዷ «ዓይን በልቷት ነው» አለች፤ አንዱ ግቷን በጋለ ብረት እንተኩስ አለ፤ ሌላው የሣር አገዳ በጡቷ ቀዳዳ አስገብቶ ሊከፍት ፈለገ። ሦስት ሰዎች ደግሞ፥ ለመበለቲቱ አዝነው፥ «ሳትከሳ ቅርጫ እናድርጋትና ገንዘቡን እንስጥሽ» አሏት። እርሷም ልጆቿን እያየች ዝም አለች።

በመካከላቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀርበው እጃቸውን በግራ ጎኗ ላይ አኖሩና ቈጠሩ። ከዚያም «ሆዷ ደክሟል እንጂ አልቆመም፤ ውሃ ሲቀርብላትም ትጠጣለች። የምትጠጣ ላም ገና ከእኛ ጋር ናት። ቢላዋው ይቆየን» አሉ። የመበለቲቱ ታላቅ ልጅም ወደ ትምህርት ቤት ሮጦ ለመምህሩ ነገረ፤ መምህሩ የሙቀት መለኪያ ይዞ መጥቶ ቢለካት 40 ዲግሪ ከ6 ሆነ። ይህንም፥ የጡቷንም ሁኔታ፥ የወለደችበትንም ቀን በወረቀት ጽፎ ልጁን ግማሽ ቀን መንገድ ወደሚያስሄደው የእንስሳት ጤና ኬላ ላከው።

ሐኪሙ እስኪመጣ እንዲህ አደረጉ። ላሚቱን በጥላ ደረቅ ጭድ ላይ አኖሯት። የታመመውን ጡት ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል እያሞቁ በየ2 ሰዓቱ አለቡት፤ በሽታው ከብልሹው ወተት ጋር ይወጣልና። ያንን ወተት በመሬት ላይ አላፈሰሱትም፤ ከበረቱ ርቆ በተቈፈረ ጕድጓድ ቀበሩት እንጂ፤ ላሞች በሚተኙበት መሬት የፈሰሰ እንደ ሆነ በሽታውን ለሌላዋ ያደርሳልና። ጥጃው ያንን ጡት እንዳይጠባ ከለከሉት።

ሐኪሙ ማታ ደርሶ መርፌ ወጋት፤ ባዶ ሆኖ በታለበው ጡት ውስጥም መድኃኒት አገባ። ሁለት ነገርም አዘዘ። አንደኛው፥ መድኃኒቱ በ3ኛው ቀን ብትሻላት እንኳ እስከ መጨረሻው እንዲሰጥ፤ ሁለተኛው፥ እርሱ የቈረጠው ቀን እስኪያልፍ ከአራቱም ጡት የሚገኘው ወተት እንዳይጠጣ፥ ብትታረድም ሥጋዋ እንዳይበላ። መድኃኒቱ በደም አልፎ ወደ ወተትና ወደ ሥጋ ይገባልና።

ታዲያ በእነዚያ ቀኖች ልጆቹ ምን ይጠጡ? ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። ብዙ መበለት የሐኪሙን ትእዛዝ የምትሽረው ክፉ ሆና አይደለም፤ ልጆቿ ሲራቡ ማየት ስለማትችል ነው። እዚህ ላይ ጐረቤት ጐረቤት ሆነ። ቅርጫ ሊያደርጉ የመጡት ሦስት ሰዎች ተራ ገብተው በየቀኑ አንድ አንድ ቅል ወተት ሰጡ፤ ጐልማሶቹም ሌሊት ሌሊት ተፈራርቀው አለቡ።

በ3ኛው ቀን ጧት ላሚቱ አመሰኳች፤ ሙቀቷም 38 ዲግሪ ከ9 ሆነ። በ8ኛው ቀን ከመንጋው ጋር ወጣች። የታመመው ጡት ግን በዚያ ዓመት ወተት አልሰጠም፤ ደረቀ። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ማስታመም ሁሉን አይመልስም። ነገር ግን መበለቲቱ አንድ ጡት አጥታ ላሟን አተረፈች፤ በቅርጫው ቀን ቢሆን ኖሮ ላሟን አጥታ ጥቂት ብር ታተርፍ ነበር።

ይህ የጡት በሽታ የሚገባው በአላቢ እጅ፥ በቈሸሸ ማደሪያና በቈሰለ ጡት ነው። ስለዚህ አላቢ ከማለቡ በፊት እጁንና ግቷን ይጠብ፤ የመጀመሪያውን ወተት በጥቁር ጨርቅ ላይ አልቦ ዝቃጭ መኖር አለመኖሩን ይይ፤ በሽተኛዋንም ከሁሉ በኋላ ይለብ። ወተትም ሁልጊዜ ተፈልቶ ይጠጣ።

5ኛ፤ ቢላዋ ሊነካት ስለማይገባ ላም

ከላይ የተናገርነው ቅርጫ ከመልካም ልብ የመጣ ልማድ ነው፤ የአንዱን ጉዳት ብዙዎች ተካፍለው እንዲያቀሉለት የተደረገ ነው። ነገር ግን በዚህ ልማድ ሞት የሚገባበት አንድ በር አለ፤ ይኸውም አባ ሰንጋ የተባለው በሽታ ነው።

አባ ሰንጋ የያዘው ከብት ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ በድንገት ይሞታል። በድኑ ቶሎ ይነፋል፥ እንደ ሌላው በድንም አይደርቅም፤ ከአፍ፥ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ይህ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። ቆዳውን የገፈፈ ሰው በእጁ ወይም በፊቱ ላይ መካከሉ የጠቈረ ቁስል ይወጣበታል፤ ሥጋውን የበላ ሰው ሆዱን በጽኑ ይታመማል፥ ሳይታከም ከቀረም ይሞታል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደ ግን በመድኃኒት ይድናል። «እሳት የማይገድለው የለም፥ ቀቅለን እንብላ» የሚሉ አሉ፤ የዚህ በሽታ ዘር ግን በተራ አቀቃቀል በእርግጥ የሚሞት አይደለም።

በድኑ ለምን መከፈት እንደማይገባው ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሕይወት ያለው ረቂቅ ነገር በተዘጋው በድን ውስጥ ሲቆይ በመበስበስ ይሞታል። አየር ያገኘው እንደ ሆነ ግን እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ በመሬት ውስጥ ብዙ አሠርት ዓመት ይቆያል፤ በኋላም እዚያ ሣር የጋጠ ከብት ይይዘዋል። ስለዚህ አንድ ቀን የተከፈተ በድን የልጅ ልጅን መስክ ይመርዛል። የሚገባው ሥራ በድኑን ሳይከፍቱ፥ ቆዳውን ሳይገፉ፥ ውሻና ጅብ እንዳይደርስበት አድርጎ ለሐኪም መንገር፥ በእርሱም ትእዛዝ ማቃጠል ወይም 2 ሜትር ያህል ቈፍሮ መቅበር ነው።

ለዚህ በሽታ ክትባት አለው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1873 ዓ. ም. በሰው ሁሉ ፊት በጎችን ከትቦ፥ የተከተቡት ሲድኑ ያልተከተቡት እንደ ሞቱ አሳይቷል። በአገራችንም በቢሾፍቱ ከተማ የከብት ክትባት የሚሠራበት ተቋም አለ። አባ ሰንጋ ታይቶ በሚያውቅበት አገር ከብትን በየዓመቱ ማስከተብ ይገባል፤ ክትባት የሚጠቅመው ግን በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው።

6ኛ፤ ለአገር ሽማግሎች

ክቡራን ሽማግሎች፤ በመንደር ላም ስትታመም መጨረሻውን ቃል የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። «ትታረድ» ስትሉ ትታረዳለች፤ «ትቆይ» ስትሉም ትቆያለች። ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን።

አንደኛ፤ የታመመ ወይም ሳይታሰብ የሞተ ከብት ሥጋ ሐኪም ሳያየው አይከፋፈል ብላችሁ ደንብ አቁሙ። ሁለተኛ፤ ለባለቤቱ የሚደረገው እርዳታ በሥጋ መልክ መሆኑ ቀርቶ ለሐዘን እድር እንደምታዋጡ ሁሉ ለመድኃኒት፥ ለመኖና ለወተት በማዋጣት ይሁን፤ ላሟ የሞተችበትም ሰው በድኗን ያለ ቂም እንዲቀብር እጃችሁን ዘርጉለት። ሥጋውን እንዲተው ብቻ አዝዞ ጉዳቱን ለእርሱ ብቻ መተው ግን ደንቡን ያፈርሰዋል፤ የተቸገረ ሰው ሌሊት ያርዳልና። ሦስተኛ፤ በሽታ የገባበት ሰው ነውር ሳይመስለው እንዲናገር አድርጉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ቃል ለሰው ብቻ የተነገረ አይደለም። የታመመችውን ላም ደብቆ በገበያ የሚሸጣት ሰው ደግሞ በሽታውን ለሌላ መንደር ሸጧል።

የአገር መድኃኒት አዋቂዎችንም አትናቁ፥ ነገር ግን ጠይቁ፤ መጠኑን፥ ጉዳቱን፥ ስንት ከብት እንዳዳነ አስረዱን በሉ። በገበያ ከመንገድ ዳር የሚሸጠውን ስሙ የማይታወቅ መርፌና ኪኒን ግን ከልክሉ።

7ኛ፤ ለመምህሩ

ይህ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ብቻ ቢቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አንድ ደኅና ላም ወስዶ ይህን ያሠራቸው፤ ትንፋሿን ለአንድ ደቂቃ ከጎድኗ እንቅስቃሴ ይቍጠሩ፤ በግራ ጎኗ የሆዷን እንቅስቃሴ ለ2 ደቂቃ ይቍጠሩ፤ ስታመሰኳ አንዱን ጉርሻ ስንት ጊዜ እንደምታላምጠው ይቍጠሩ። ቍጥሩን በደብተራቸው ይጻፉ፤ በሚቀጥለውም ቀን ከቤታቸው ላም ጋር ያስተያዩት።

ላም በታመመች ጊዜም ተማሪው በወረቀት ላይ አምስት መስመር አስምሮ ጧትና ማታ ይሙላ፤ በላች ወይ? ጠጣች ወይ? አመሰኳች ወይ? እበቷ እንዴት ነው? ሙቀቷ ስንት ነው? ይህ ወረቀት ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ይበልጥበታል፤ ለተማሪውም ጽሕፈትና ቍጥር የተማረው ለቤቱ ጥቅም መሆኑን ያስረዳዋል።

በመጨረሻ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ፤

1. ማመስኳት ያቆመች ላም ምን ይደረግላታል?
2. መድኃኒት በአፍንጫ ማፍሰስ ለምን ክፉ ነው?
3. የወደቀች ላም ለምን በየ3 ሰዓቱ ትገለበጣለች?
4. መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ለምን አይጠጣም?
5. በድንገት የሞተ ከብት በድን ለምን አይከፈትም?
6. በመንደራችን ላም የታመመችበትን ሰው እንደ ምን እንርዳው?

ስድስተኛውን ጥያቄ ተማሪው በቤቱ ወላጆቹን ጠይቆ መልሱን ይዞ ይምጣ። መልሱ በየቤቱ ልዩ ልዩ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን በየምድጃው ዙሪያ አንድ ማታ ያነጋግራል፤ ለዚህ ትምህርትም ከዚህ የሚበልጥ ፍሬ የለውም።